አንድ ሳህን ላይ ሁለት

ደብረ ማርቆስ
እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

«ከናሙና ቁጥር 318 ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ጎን ለጎን አድጎ ተገኝቷል በሚል የቀረበው ውጤት በድጋሚ ምርመራ አልተረጋገጠም። በእኛ በኩል የተገኘው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከባለሙያው እጅ የገባ ብክለት እንደሆነ ታምኗል። አንድ ሳህን ላይ ሁለት ያየ ባለሙያ አስቀድሞ እጁን ይመልከት። ውጤቱ አልጸደቀም።»

ለታናሽ ወንድሜ፣

ከላይ ያለው የአንተ ቃል ነው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። የፈረምክበት ግንቦት 6 ቀን ነው፤ እኔ እጅ የገባው ግንቦት 9 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ማኅተሙ ተዘቅዝቆ ተመትቷል። አምስት ዓረፍተ ነገር ናቸው። አራቱን እከራከርባቸዋለሁ፤ አንዱ ግን የአንተ አይደለም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቢሆንም ሰላምታ ይቅደም። እንዴት ከርመሃል? ጨጓራህ ተሻለህ? ባለቤትህ ወለላ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ወለላ በፋሲካ ማግስት ደውላ ድምፅዋን ካሰማችኝ ወዲህ ስለ እናንተ የሰማሁት ነገር የለም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፤ ከላቦራቶሪው ጓሮ ያለው መንገድ ከአሁኑ ጭቃ ሆኗል። እትዬም ሰላም ብላሃለች። ለፋሲካ ለምን እናንተ ዘንድ እንዳልመጣች ወለላ ስትጠይቀኝ መንገዱ ከብዷት ነው ብያታለሁ። አልዋሸኋትም። ስለ እትዬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እኔና አንተ በገዛ እጃችን ደብዳቤ ከተጻጻፍን ሰባት ዓመታችን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተላላክነው በመሥሪያ ቤት ወረቀት፣ በቁጥርና በግልባጭ ነው። ይኼኛው ቁጥር የለውም። ግልባጭም የለውም። ከኔና ከአንተ በቀር የሚያነበው አይኖርም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስህ። 2003 ዓ.ም. ላይ ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ሁለታችንም ስናመለክት፣ አንተ እኔን ግትርና ለሥራ የማልመች ብለህ ጻፍክ፤ እኔ ደግሞ የአንተን ስህተት በቀንና በሰዓት ዘርዝሬ አሥራ አንድ ገጽ አስገባሁ። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ፣ ስምንት ወር ሳንነጋገር ሠራን። አንዱ ያስቀመጠውን ዕቃ ሌላው አያነሣም ነበር። በመጨረሻ አንተ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተዛወርክ፤ ዛሬ የእኔን ውጤት የምታጸድቀው አንተ ነህ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሊያስታርቀን ሞክሯል። ማናቸውም የጎደለው ምን እንደሆነ አላወቁትም። ማጭዳችንን የሚወስድብን ሰው ነበር የጎደለው።

ታስታውሳለህ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንተ ዘጠኝ። እናታችን ከሞተች ሁለተኛው ዓመት ነው። ከይጁቤ በታች ያለውን የስንዴ ማሳ እያጨድን የኔ ትልም የኔ ትልም ስንባባል ማጭድ ተማዘዝን። አንተ ክንዴን አስነካኸኝ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። እናት ሆና ያሳደገችን እህታችን እትዬ መጣች። አልጮኸችም፣ አልመታችንም። ሁለቱን ማጭድ ከእጃችን ተቀበለች፣ መሬት ላይ አጋደመች፣ ነጠላዋን አለበሰቻቸውና ተቀመጠችባቸው። እኛ ቆመን ቀረን። «እጅ አላችሁ አይደል?» አለች፤ «ንቀሉ።» ስንዴውን በእጃችን እየነቀልን ጎን ለጎን ዋልን። ማታ ላይ መዳፋችን ተልጦ ነበር፤ ለመሰዳደብ እንኳ አቅም አልነበረንም። እሷ ከተቀመጠችበት የተነሣችው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የማጭዱ ጥርስ ቀሚሷን ቀዶ ጭኗን አድምቶት እንደነበር ያወቅነው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በተጣላን ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለን፤ ማጭዱ ላይ ልቀመጥ? ይህን አነጋገር ከእኛ ቤት ውጭ ሰምቼው አላውቅም። አንተም የሰማኸው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

የአንተ መሥሪያ ቤት ታማሚን የሚያውቀው በቁጥር ነውና ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ልንገርህ። ናሙና ቁጥር 318 የአንዲት ሴት እግር ነው። ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነው። ስኳር በሽታ ካለባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጥቅምት ላይ የቀኝ ተረከዟን እሾህ ወጋት፤ ስኳሩ እግሯን አደንዝዞታልና አልተሰማትም። ባየችው ጊዜ ቁስሉ ከሃምሳ ሳንቲም ይሰፋ ነበር። እስከ የካቲት በጸበልና በጨው ውኃ እያጠበች ቆየች። ለማንም አልተናገረችም፤ ሰው ማስቸገር አትወድም። መጋቢት ላይ በሰው ተደግፋ ወደ ደብረ ማርቆስ መጣች።

መጋቢት 14 ቀን መቅዲ ከቁስሉ መግል ወስዳ በባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ዘራች። መቅዲን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የተቀጠረች ባለሙያ ናት። ሥራዋ ጥንቁቅ ነው፣ አፏ ግን አያርፍም። በነጋታው ሳህኑን ይዛ መጣች። አረንጓዴው፣ ሱዶሞናስ የምንለው ባክቴሪያ፣ ያን እንደ ወይን ፍሬ የሚጣፍጥ ሽታውን ይዞ ሰፍቷል። ከአጠገቡ፣ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው፣ ቢጫው አለ። ስታፍ የምንለው ባክቴሪያ ነው።

ሁለት ናቸው አለችኝ። ሁለት ሊሆኑ አይችሉም አልኳት። አረንጓዴው ባለበት ሳህን ላይ ቢጫው እንዲህ ተደላድሎ አይቀመጥም፤ አረንጓዴው መርዝ አመንጭቶ ይጨርሰዋል። ይህን ለአንተም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ተቀምጧል እኮ» አለችኝ። ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቴ አሳየኋትና ከአረንጓዴው ብቻ ወስዳ አዲስ ሳህን ላይ እንድትዘራ አዘዝኩ። ዘራች። አንድ ሆነ። «አንድ ዓይነት» ብዬ ፈረምኩ።

ወረቀቱ ምን እንደሚል ታውቃለህ። 1991 ዓ.ም. ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት ነው። አንድ ሳህን ላይ ሁለት ያየ ባለሙያ አስቀድሞ እጁን ይመልከት። አሥራ ሁለት ዓመት ከሥሩ ቆመህ እጅህን ታጥበሃል፤ ስትሾም ቃል በቃል መልሰህ ላክህልኝ። የአንተ አይደለም ያልኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ደብዳቤህን ጮክ ብላ ያነበበችልኝ መቅዲ ናት። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። «ሰውየው እዚህ ሠርቶ ያውቃል እንዴ?» አለች። አስቢበት አልኳትና ወጣሁ። ስመለስ ወረቀቱን ገነጠልኩት። ሙጫው የያዘው ጥጉ አልላቀቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ከሱ ጎን መስታወት አለ፤ እጄን በታጠብኩ ቁጥር ሁለቱንም አያለሁ።

በእኔ ፊርማ ሴትዮዋ አራት ሳምንት ሙሉ ለአረንጓዴው ብቻ የሚሆን መድኃኒት ስትወጋ ከረመች። አረንጓዴው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቢጫው ግን ማንም ሳይነካው ወደ አጥንቷ ወረደ። ሚያዝያ 18 ቀን እኔው ራሴ አዲስ ናሙና ወሰድኩ፤ ለእናንተ በቁጥር 318 የተላከው ይህ ነው። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ፣ ጓንት አድርጌ፣ መቅዲን ከጎኔ ምስክር አቁሜ ዘራሁ። ሁለት ናቸው። ደገምኩት፤ ሁለት ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ኢንኩቤተር አደረግኩት። ሁለት ናቸው።

እዚህ ላይ ለምን እንደማይገዳደሉ ማወቅ ነበረብኝ። ከቁስሉ ያጠብኩትን ፈሳሽ በማሽን አሽከርክሬ፣ አንድም ሕይወት ያለው ነገር በማያሳልፈው ማጣሪያ አሳለፍኩት። መድኃኒቱ ከተቋረጠ አምስት ቀን ካለፈ በኋላ የወሰድኩት ነው፤ ፈሳሹ ብቻውን ሁለቱንም እንደማይገድል አስቀድሜ ለየብቻ ፈትሼዋለሁ። ስለዚህ የመድኃኒት ትራፊ ነው አትበለኝ። ፈሳሽ በሌለበት ሳህን ላይ ሁለቱን አቀራርቤ ዘራሁ፤ በአንድ ቀን አረንጓዴው ቢጫውን ጨረሰው። ፈሳሹ ባለበት ሳህን ላይ እንደዚያው ዘራሁ፤ አረንጓዴው ትንሽ ሰነፈ፣ ቢጫው ከጎኑ አደገ። ቀጥሎ ለተቅማጥ ሕፃናት ከሚታደለው የዚንክ እንክብል አንዱን አሟሟሁና ፈሳሹ ባለበት ሳህን ላይ ጨመርኩ። አረንጓዴው ተነሣ። ቢጫው በነጋታው አልነበረም። ሦስት ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ መዝገቡ አለ፣ ፎቶው አለ።

ትርጉሙ ይህ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ቁስል ላይ ሲሰበሰቡ የሚያፈሱት ፕሮቲን አለ፤ ካልፕሮቴክቲን ይባላል፤ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ይህን ጠባዩን ከጻፉበት ጥቂት ዓመት አልፏል። ይህ ፕሮቲን ዚንክንና መሰል ማዕድናትን አፍኖ ይይዛል። ባክቴሪያዎቹን በረኃብ ሊያደክም ነው የተፈጠረው። አረንጓዴው ግን ጎረቤቱን የሚገድልበትን መርዝ እንደ ልቡ ለመሥራት ያን ማዕድን ይፈልጋል። ሲያጣው ራሱን ለማትረፍ ይሯሯጣል እንጂ ለጠብ ጊዜ የለውም። ቢጫውም ትንፋሽ ያገኛል። የሴትዮዋ ገላ ሁለቱንም እቀጣለሁ ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አኖራቸው። ለነሱ ሰላም ነው። ሰላማቸው የሚበላው ግን ያኖረቻቸውን ነው።

እናንተስ ለምን አንድ ብቻ አገኛችሁ? ምክንያቱም ናሙናው ምግብ በሞላበት ፈሳሽ ተዘፍቆ እንዲላክ የሚያዘው ደንብ የእናንተ ነው። በብልቃጡ ውስጥ የሴትዮዋ መግል ጠብታ ነው፤ ማዕድኑ ግን እንደ ልብ ነው። አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ሄደ፣ ናሙናው መደርደሪያችሁ ላይ አደረ። ሌሊቱን አረንጓዴው ቢጫውን ጨረሰው። በነጋታው የከፈታችሁት የአሸናፊውን ብልቃጥ ነው። ሁለተኛው አልነበረም ብለህ ፈረምክ። ነበረ። የሞተው በመንገድ ላይና በእናንተ ቤት ነው።

አሁን ያለንበትን ስማ። ሐኪሟ ዶክተር እንዳላማው ይባላል፤ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው፣ ግን የሚያስብ ሰው ነው። ሳህኖቹን ክፍሌ ድረስ መጥቶ አይቷል። «እኔ አምንዎታለሁ፤ መድኃኒቱን የሚፈቅደው ኮሚቴ ግን የሚያምነው ወረቀት ነው» አለኝ። የሴትዮዋ ኩላሊት ደክሟል። ለአረንጓዴውና ለቢጫው የሚሆነውን መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ለኩላሊቷ ከባድ ነው፤ ሁለት መሆናቸው በጸደቀ ውጤት ካልተረጋገጠ አይፈቀድለትም። ውጤቱ ከጸደቀ ሁለቱን መድኃኒት ሰጥቶ አሥር ቀን ይጠብቃል። ካልጸደቀ ማክሰኞ ግንቦት 21 ቀን ጠዋት እግሯ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። አዲስ አበባ ልላካት ብል ወረፋው አንድ ወር ነው። ቀኑ ሲነገራት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በማርያም ዕለት? ለሷም አይመቻት።»

መቅዲ አንድ መላ አምጥታ ነበር። ለምን በሁለት ቁጥር አንልክም፣ አረንጓዴውን እንደ አንድ ሰው፣ ቢጫውን እንደ ሌላ ሰው፤ ሁለቱም አንድ አንድ ሆነው ይገኛሉ፣ ይጸድቃሉ፣ ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀት ይዞ ኮሚቴ ይገባል አለችኝ። አንድን ሴት ሁለት ሴት ማድረግ ነው አልኳት። «አንድ እግር ከማድረግ ይሻላል» አለችኝና በሩን ዘግታ ወጣች። ትክክል ያልሆነ ወረቀት በሕይወቴ ፈርሜ አላውቅም ብዬ ስንት ሰው ፊት ተመጻድቄአለሁ። ፈርሜያለሁ፤ መጋቢት 16 ቀን። ያን የፈረምኩት እንዲያውም ከልክ በላይ ስለተጠነቀቅኩ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ይህን እግር ሲቆርጥ የከረመው የእኔ ጥንቃቄ ነው። አሁን ደግሞ ያው ጥንቃቄ የመቅዲን መላ አልቀበልም ብሎ ይዞኛል። ልለቀው አልቻልኩም፤ አይለቀኝም።

ሴትዮዋ ማን እንደሆነች አልነግርህም። ምስጢር መጠበቅ የሥራ ደንብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አስምላኛለች። በምን እንዳስማለችኝ ብጽፍልህ ማን እንደሆነች ትደርስበታለህ፤ ስለዚህ እሱንም አልጽፍም። ለምን እንዲህ ትጨክኚብኛለሽ ብያት ነበር። ምክንያቷን ስትነግረኝ አልተቆጣችም። የማን እንደሆነ ሳያውቅ እውነቱን ያላየ ሰው አውቆ ቢፈርም ለእሷ ሐዘኔታ፣ ለእኔ ስድብ እንደሚሆን ነገረችኝ። «በኔ እግር ሰበብ ሌላ ጠብ አልፈልግም» አለች። የሚያናድደኝ ትክክል መሆኗ ነው። በስሟ ብትፈርም ነገ የትም ቦታ የእኔን ሥራ በዝምድና ነው ያጸደቅኩት የምትል ትመስለኛለህ፤ እኔም በዝምድና አይደለም ብዬ አሥራ አንድ ገጽ የምጽፍ ይመስለኛል። እሷ ይህን ሁሉ ተኝታ አስባዋለች።

ስለዚህ የቆምኩበትን ተመልከት። ብናገር መሐላ አፈርሳለሁ። ዝም ብል እግሯ ይሄዳል። በሁለት ቁጥር ብልክ ውሸታም እሆናለሁ፤ ባልልክ ደግሞ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስልክ ያልደወልኩልህ ለዚህ ነው። ድምፄ ያጋልጠኛል፤ ወረቀት ላይ ግን ራሴን መግዛት እችላለሁ ብዬ ነበር። አሁን ይህን እየጻፍኩ በዚያም አልተማመንም። ከቅዳሴ መልስ ጀምሬ ጠረጴዛው ላይ ነኝ። ታማሚዋ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል፤ ቀኝ እግሯን በትራስ ላይ ሰቅላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ። እንዴት አወቅህ አትበለኝ።

በቁጣ እንደጀመርኩ አውቃለሁ። ቁጣዬ አልበረደም። ግን ፍትሐዊ ልሁን። የአንተን ወረቀት በሌላ ሰው ናሙና ላይ ባየው ኖሮ፣ ከመጋቢት በፊት ቢሆን፣ እኔም እንደ አንተ እፈርም ነበር። ቃሉ ያንተ ቢሆን ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር።

የምጠይቅህ የሚከተለውን ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በበረዶ ሳጥን አዲስ ናሙና ልኬያለሁ። ምግብ ባለበት ፈሳሽ አልነከርኩትም፤ ደንብ ተላልፌያለሁ፣ በዚህ ልትከሰኝ ትችላለህ። በሁለተኛው ብልቃጥ የተጣራው የቁስል ፈሳሽ አለ። ናሙናው በደረሰ ሰዓት ራስህ፣ በራስህ እጅ፣ ፈሳሹ ባለበትና በሌለበት ሳህን ላይ ዝራው። ለሌላ ሰው አትስጠው። አንተ እጅህ ጥሩ ነው፤ ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በነጋታው ሁለት ካየህ እጅህን አትመልከት። ሳህኑን ተመልከት።

አንድ ማስረጃ ብቻ ቀርቶኛል። ትናንት መቅዲ ቁስሏን ልታጥብ መጥታ የአንተን ወረቀት ለታማሚዋ አነበበችላት። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። መቅዲ አንብባ ስትጨርስ ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማው ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ደክሞት ይሆናል አለች። መቅዲ ተናደደች፤ «እማማ፣ እግርዎን የሚያስቆርጥ ወረቀት ለጻፈ ሰው ይከራከሩለታል?» አለቻት። «ልጅ ነው፣ ቸኩሎ ነው» ብላ መለሰች። መቅዲ ሳቀች። የስንት ዓመት ልጅ? ኃላፊ ነው እኮ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም አለቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ይሁና» አለች።

ከዚያ ስለ ሁለቱ ባክቴሪያ ጠየቀቻት፤ ጠላት ከሆኑ እንዴት እግሬ ላይ አብረው ኖሩ ብላ። መቅዲ እንዲህ ያለውን ማስረዳት ትወዳለች። አንደኛው ሌላውን የሚወጋበት ስለት አለው፣ ስለቱን የሚሠራው ከብረት ነው በይው፤ ገላሽ ብረቱን ከሥሩ ወስዶ ደብቆበታል፣ ባዶ እጁን ሆኖ ከጠላቱ ጎን ተቀመጠ አለቻት፤ በነገሩ ስትጋጋል አክብሮቱንም ረሳችው። ሴትዮዋ ጣራውን አየች። ቀጥሎ የተናገረችውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ቃል በቃል መጥቀስ እንደምትወድ አይቻለሁና። እንዲህ አለች፤

«እንዲያውማ ገላዬም ማጭዱ ላይ ተቀምጧል በይኛ።»

መቅዲ አልገባትም። ምን ማለትዎ ነው ብትላት ሳቀችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስም አልጠራሁም። መሐላዬን አላፈረስኩም።

እግዚአብሔር ለአንተና ለቤትህ ጤና ይስጥ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ወለላን ያቆይልህ። ለልጆቹ አጎታችሁ ስማችሁን በየተራ ይጠራል በልልኝ። በዚህ ቤት ያለነው ሁሉ አንተን ሳናነሣ አንውልም። አንዳችን በክፉ፣ አንዳችን በደግ።

ውጤቱ ጸደቀም አልጸደቀም፣ ምክንያቱ፣ ፊርማህና ቀና ያለ ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ እስከ ዓርብ ግንቦት 17 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም። ራስህ ብትመጣም መልሱን ጽፈህ ይዘህ ና።

ታላቅ ወንድምህ